ከሁለት እስከ ስምንት

ማክሰኞ 2

ከዛሬ ጀምሮ የክትባቱን ፍሪጅ ጠዋት ጠዋት የማየው እኔ ሆኛለሁ። ሲስተር ጠዋት ሌላ ጤና ጣቢያ ሠርታ ስለምትመጣ ከሦስት ሰዓት በፊት አትደርስም። እኔ ለጽዳት አንድ ሰዓት ላይ እገባለሁ።

«እማ፣ ከባድ አይደለም» አለችኝ። «ትከፍቻለሽ፣ ቴርሞሜትሩን ታያለሽ፣ ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ትጽፊያለሽ፣ ትዘጊያለሽ። ከሁለት እስከ ስምንት ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ ከወጣ ትደውይልኛለሽ።»

«ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፤ ከሁለት እስከ ስምንት መቁጠር አያቅተኝም» አልኳት።

ሳቀችና ቶሎ አቆመች። እኔ ፊት ስትስቅ ሁልጊዜ ቶሎ ታቆማለች። ከልጄ ጋር አብረው ተምረው፣ አብረው ነው እዚህ የተመደቡት።

ወረቀቶቹ አንድ ጥቁር ክላሰር ውስጥ ናቸው። ለየወሩ አንድ ወረቀት፣ በየወረቀቱ ሠላሳ መስመር፣ በየመስመሩ አንድ ቦታ ለጠዋት አንድ ለማታ። የማታውን ሲስተር ትጽፋለች። የዛሬው አምስት ነው። ጻፍኩ። ወደ ኋላ ብገልጥ የልጄን ጽሑፍ እንደማገኝ አውቃለሁ፤ ከሲስተር በፊት ጠዋትም ማታም የምትጽፈው እሷ ነበረች። ከሞተች ስምንት ወር ሆናት። አልገለጥኩም።

ዓርብ 5

ገለጥኩ። የዛሬ ዓመቱን ነው ያየሁት፤ የመጨረሻዎቹን አይደለም። አራትን ስትጽፍ አናቱን ክፍት ትተዋለች፣ የተገለበጠ ወንበር ይመስላል። ገና ተማሪ ሳለች ታላቅ እህቴ እትዬ «የዚች ልጅ አራት እንግዳ የተነሣበት ወንበር ነው» እያለች ትስቅባት ነበር።

ከሰዓት በኋላ የጉንፋን ክትባቱን ጥናት የምትመራው ዶክተር መጣች። ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ ያሉትን ሰዎች አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ሰብስባ ጥናቱን አስረዳች። እኔ መስኮት እየወለወልኩ ሰማሁ።

«ጉንፋን የምንለው ሁሉ አንድ አይደለም» አለች። «እኛ የያዝነው የኢንፍሉዌንዛውን ነው። ክትባት ማለት ለሰውነት ጠላቱን አስቀድሞ መንገር ነው። ወጣት ሰውነት አንዴ ሲነገረው ይሰማል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ሰውነትም እንደ ሰው ጆሮው ይከብደዋል። ስለዚህ ጮክ ብለን ልንነግረው ነው። አራት እጥፍ ጠንከር ያለ ክትባት መጥቷል። ግማሾቻችሁ የተለመደውን፣ ግማሾቻችሁ ጠንካራውን ትወስዳላችሁ። ለማን የትኛው እንደ ደረሰው እኔም አላውቅም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ከአራት ሳምንት በኋላ ደማችሁን ወስደን ማን እንደ ሰማ እናያለን።»

ጋሽ ሜትሮ እጃቸውን አወጡ። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሥራ ካቆሙ አሥር ዓመት አልፏቸው መለኪያው ሜትሮ ዛሬም ከአንገታቸው አይወርድም።

«ዶክተር፣ ሃምሳ ዓመት መርፌ ስሰካ ኖሬ አሁን በዕዳዬ ልወጋ ነው?»

«አንተ ደግሞ ሥጋ ያለህ ይመስል!» አለች እትዬ። «መርፌው ነው የሚታጠፈው።»

እትዬ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ልጄ ከሞተች ወዲህ እኔ ዘንድ ናት። «ብቻሽን ግድግዳ ከምታዪ እኔን እያየሽ ተናደጂ» ብላ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ዛሬ አራተኛዋ ሆና ፈረመች። በድምሩ ሠላሳ አንድ ሰው ተመዘገበ። እኔ ስልሳ ሦስት ነኝ፣ አልደረስኩም።

ሐሙስ 11

ቸኩያለሁ። ፍሪጁ ዛሬ ሞቅ ብሎ ነበር። ክላሰሩን ሳገላብጥ በሩ ሳይገጥም ቀርቶ ነው መሰለኝ። ኮሪደሩን ወልውዬ ስመለስ አሥራ ሦስት ይላል። ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ሲስተር ስትደርስ ስምንት ሆኖ ነበር። ወረቀቱ ላይ አምስት ብያለሁ። መጀመሪያ ስከፍተው አምስት ነበርና ውሸት አይደለም።

ዓርብ 12

ትንሽ ቀዝቅዞ ነበር። ማዞሪያውን ትናንት ሳልመልሰው ሄጃለሁ። ከዜሮ በታች ሦስት። መለስኩት፣ በሩንም ለጥቂት ጊዜ ገርበብ አደረግኩት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አራት ሆነ። አራት ጻፍኩ።

ሲስተር ለትናንት ማታ አራት ብላ ጽፋለች። አይታ ይሁን ሳታይ አላውቅም።

ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ጥቂቶቹ ውስጥ ጭጋግ የመሰለ ነገር ነበር፤ ኋላ ጠፋ። አሁን ውኃ ይመስላሉ። ትናንትም ውኃ ይመስሉ ነበር።

ማክሰኞ 16

ሠላሳ አንዱም ተከተቡ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ሳመላልስ ዋልኩ። ጋሽ ሜትሮ ሸሚዛቸውን አውልቀው ሜትሮው ባዶ አንገታቸው ላይ ቀረ። ሲስተር «ይህንንም ያውልቁት» ብትላቸው «ሱሪዬን ብትይኝ ይቀለኛል» አሏት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እትዬ ዓይኗን ጨፍና ክንዷን ሰጠች።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ እማማ።»

«ይኸው ነው? ትንኝ እንኳ ከዚህ በላይ ትሠራለች።»

ማታ ቤት ስንገባ «እንግዲህ ዘንድሮ ጉንፋን በመስኮት አይቶን ያልፋል» አለች። እኔ ሰሃን አጠብኩ።

ሐሙስ 18

ዛሬ የሰማሁትን እንዳልረሳው እጽፋለሁ።

ጋሽ ሜትሮ ክንዳቸው ቀልቶ እንደሆነ ሊያሳዩ መጥተው ከዶክተሯ ጋር ወግ ያዙ። «ይህን ያህል ብርቅ ከሆነ ለምን በረዶ ቤት አታስገቡትም? ብዙ ይቆይላችሁ ነበር።»

«በፍጹም!» አለች። «ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚያበላሸው፤ ጥቂት ሰዓት ይታገሠናል። በረዶ ግን አይታገሥም። ክትባቱ አንዴ ከረጋ አለቀለት። ሲቀልጥ ደህና መስሎ ይታያል፤ ሰው ክንድ ውስጥ ሲገባ ግን ውኃ ነው።»

«ታዲያ ፍሪጁን ማን ይጠብቀዋል?»

«እሳቸው ናቸው» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። «እንደ ዓይናቸው ብሌን። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፣ አንድም ቀን ከመስመር አልወጣም።»

ጋሽ ሜትሮ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ። የኋላውን ኮሪደር ሁለት ጊዜ ወለወልኩት።

እሁድ 21

እትዬ ተኝታለች። ስትተኛ ታንኮራፋለች፤ ዛሬ ደስ አለኝ፣ ቤቱ ዝም አላለም።

ሁሉም ረግተው ላይሆኑ ይችላሉ። ፊት ለፊት የነበሩት አልረጉ ይሆናል። ጭጋግ ያየሁት ከኋላው ግድግዳ የተጠጉት ላይ ነው፤ አምስት ወይም ስድስት። ወይም ስምንት። እትዬ ከየትኛው እንደ ደረሳት አላየሁም። ወንበር ነበር የማመላልሰው።

ብናገር ሲስተር ትባረራለች። ጠዋት ማየት የሷ ሥራ ነው፤ ለእኔ የሰጠችኝ በአፍ ነው እንጂ በደብዳቤ አይደለም። የምትረዳው ታናሽ ወንድም አላት። ይህንን ለራሴ ስነግረው ስለ ሲስተር የማስብ ይመስላል።

ልጄ በሞተችበት ወር በ10 ከሥራ እየሳለች ገባች። «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ያልኳት እኔ ነኝ። ነርሷ እሷ፣ ነገር የማውቀው እኔ። በ11 ከአልጋ አልወጣችም። በ14 ትንፋሿ አጠረ፣ ሆስፒታል ወሰድናት። በ17 ሞተች። ጉንፋኑ ሳንባዋ ላይ ወርዶ ነው አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ለሰው ስትከትብ እየዋለች ለራሷ «ነገ» እያለች አልተከተበችም ነበር፤ ይህንንም ከሲስተር ነው የሰማሁት፣ ከቀበርናት በኋላ።

በ18 ቀበርናት። ብዙ ሰው ነበር። አንዷ ጎረቤት ከኋላዬ «ጉንፋን ደግሞ ሰው ይገድላል እንዴ? ሌላ ነገር ይኖራል» ስትል ሰማሁ። ዞር ብዬ አላየኋትም። ድምፅዋን ግን አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ ሰላም እላታለሁ።

ሐሙስ 25

መጣ። ዛሬ ካርድ ክፍሉ በሳል ተሞላ። ዘበኛው ቀርቷል። ሲስተር ማስክ አድርጋ ገባች። እኔ እጀታዎቹን ሁሉ በአልኮል ጠረግሁ፣ ሁለት ዙር። ለእትዬ ደወልኩላት፣ ከቤት እንዳትወጣ።

«ምን ሆነሻል? ተከትቤ የለም እንዴ?» አለች።

አዲስ ወር። ዓርብ 3

ፍሪጁ ከመስመር ሲወጣ ልጄ ምን ታደርግ እንደነበር ለማየት ፈለግኩ። አንድ ቀን እንኳ ዘጠኝ ወይም አንድ የጻፈችበት ካለ፣ አጠገቡ ምን እንዳለች አይቼ እንደሷ ላደርግ። ወደ ኋላ ስሄድ እስከ አሁን የዘለልኩት ወረቀት ላይ ደረስኩ። የሞተችበት ወር።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ ሠላሳውም መስመር፣ ሁሉም በሷ እጅ። እስከ ታች አነበብኩት፣ አምስት፣ አራት፣ አራት፣ አምስት። ከዚያ ጣቴን 18 ላይ አደረግኩ። ጠዋት አራት፣ ማታ አምስት ይላል።

በ18 ጠዋት የት እንደነበረች እኔ አውቃለሁ።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ። ከላይ እስከ ታች አንድ እስክሪብቶ ነው፣ አንድ ዓይነት ግፊት። በወሩ መጀመሪያ አንዴ ቁጭ ብላ ሞልታዋለች። ከሞተች በኋላ አሥራ ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ፍሪጅ ስታይ ነበር።

ክላሰሩን ቦታው መለስኩ። የዛሬው አራት ነው። እውነተኛ አራት።

ሐሙስ 9

ሲስተርን ብቻዋን አገኘኋት፤ ጓንት እየቆጠረች ነበር።

«የልጄን የመጨረሻ ወረቀት አይተሽዋል?»

መቁጠሩን አላቆመችም። «አይቻለሁ፣ እማ።»

«እስከ ሠላሳ ተሞልቷል።»

«ከቀበርናት በማግሥቱ ልጽፍ ስከፍተው ነው ያየሁት። ምን ላድርግ? በሷ ላይ ልጻፍበት? ተውኩት። ወሩ እስኪያልቅ ክላሰሩን አልከፈትኩትም።» ቀና አለች። «ሁላችንም እናደርገዋለን። ፍሪጁ ደህና ነው፣ ሁልጊዜ አራት ወይም አምስት ነው። ሃምሳ ሰው በር ላይ ቆሞ ማን ቁጥር ያያል? አንቺ ብቻ ነሽ በየቀኑ የምታዪው።»

«እኔ ብቻ» አልኳት።

«አደራ፣ እማ። ያን ወረቀት ለማንም አታንሺ። ስሟ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል። በሩ ላይ ፎቶዋ አለ፣ ተማሪዎች ሲመጡ እንደሷ ሁኑ እየተባሉ ነው።»

የምለው ነበረኝ። አሥራ ሦስት ልል ነበር፣ ከዜሮ በታች ሦስት ልል ነበር። «ጓንቱ ስንት ሆነ?» አልኳት።

እንግዲህ ብናገር ክላሰሩ ይከፈታል። ከተከፈተ በእኔ ወረቀት ላይ አያቆሙም።

ማክሰኞ 14

አራት ሳምንት ሞላ፣ ደም ተወሰደ። ሠላሳ ሰው። ጋሽ ሜትሮ ቀርተዋል። እትዬ «ያን አፈኛ ሰው ምን ዋጠው?» ብላ ስትጠይቅ ጎረቤታቸው «አሟቸዋል፣ ጉንፋን ቢጤ ነው» አለ።

ጉንፋን ቢጤ።

ሰኞ 20

ጋሽ ሜትሮን ትናንት ሆስፒታል ወሰዷቸው። ኦክሲጅን ላይ ናቸው። ሌሎች ሁለትም ከእኛዎቹ ታመው ቤት ተኝተዋል። አግዳሚው ላይ ዛሬ ወሬው ይህ ብቻ ነበር።

«እሱን ያሳመመው ክትባቱ ነው።»

«ኧረ ተዉ፣ በዕድሜ ነው።»

«እኔስ ሁለተኛ አላስነካም። መሞከሪያ አደረጉን።»

እትዬ ተቆጣች፤ «እኔ ይኸው አለሁ አይደል? ድንጋይ መስዬ!» አለች። ድንጋይ አይደለችም። ጠዋት ስትነሣ ወንበር ተደግፋ ነው። ማታ ሦስት ጊዜ ግንባሯን ዳሰስኩ። በሦስተኛው እጄን ያዘችና «እኔ ልጅሽ አይደለሁም፣ ተኚ» አለችኝ።

ሐሙስ 23

የሲስተርን ክፍል ስጠርግ ዶክተሯ ገባች። ውጤት ይዛ ነበር። እኔ መኖሬን አላስተዋሉም፤ መጥረጊያ የያዘ ሰው አይታይም።

«አልገባኝም» አለች ዶክተሯ። «የማን ቁጥር የትኛው ክትባት እንደነበር አሁን ተነግሮኛል። በሌሎቹ ጣቢያዎች ጠንካራው ከተለመደው በግልጽ ይበልጣል። እዚህ ግን ሁለቱም ወገን ዝቅ ያለ ነው። ምንም ያልተከተበ ሰው ደም ነው የሚመስለው።»

«ሽማግሌ ምን ሰውነት አለው ብለሽ ነው?» አለች ሲስተር።

«መጀመሪያ ፍሪጁን ነበር የጠረጠርኩት። ወረቀቱ ግን ንጹሕ ነው። እንግዲህ ችግሩ ሰዎቹ ዘንድ ነው ማለት ነው፤ ደካሞች ናቸው፣ ጠንካራውም አልሠራላቸውም። እንደዚያ ብዬ እጽፋለሁ። ለመጪው ዓመት ይህ አካባቢ ጠንካራውን ላያገኝ ይችላል።»

«ዘንድሮስ?» 

«ዘንድሮማ ምን እናደርጋለን? ተከትበዋል።»

ቆሻሻውን አፈስኩ። ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ቆምኩ።

የእነዚህ ሰዎች ጆሮ አልከበደም። የነገራቸው የለም። ሠላሳ አንድ ሰው ክንዱን ሰጥቶ ውኃ ተቀብሎ ሄደ፤ አሁን ደግሞ ጥፋቱ የክንዳቸው ሊሆን ነው። ጉንፋኑ ገና ሁለት ወር ይቆያል ሲሉ ሰምቻለሁ። እትዬ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ትወጣለች።

ልጄ ብትኖር ምን ትል ነበር ብዬ አላስብም። ምን እንደምትል አላውቅም። ከዚህ በፊት የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ዓርብ 24

ነገርኳት።

ቢሮው በር ላይ ቆሜ «ዶክተር፣ ወረቀቱ ንጹሕ አይደለም» አልኩ።

«የትኛው ወረቀት?»

«ያለፈው ወር። የ11ና የ12። በ11 አሥራ ሦስት ደርሶ ነበር፣ አምስት ብዬ ጻፍኩ። በ12 ከዜሮ በታች ሦስት ነበር፣ አራት ብዬ ጻፍኩ።»

እስክሪብቶ አነሣች። «ከዜሮ በታች ስንት ሰዓት ቆየ?»

«አላውቅም። ማዞሪያውን ከጠዋት እስከ ጠዋት እስከ መጨረሻው ዞሮ ትቼዋለሁ።»

«የከተብነው በ16 ነው» አለች፤ ለእኔ አይደለም፣ ለራሷ።

«በ16።»

«ለምን አልደወሉም?»

«መጀመሪያ ፈራሁ። ኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ።»

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ሁሉንም ጻፈች፣ ከዚያ ክላሰሩን ወደ ራሷ ሳበችው። «የሁሉንም ወር ማየት አለብኝ» አለች። እጄን ክላሰሩ ላይ አደረግኩ፤ ለምን እንዳደረግኩት ሳላውቅ።

«ወደ ኋላ ሲገልጡ ልጄ የሞተችበት ወር ላይ ይደርሳሉ» አልኳት። «በ11 ከአልጋ አልወጣችም። በ17 ሞተች። ወረቀቱ እስከ 30 ተሞልቷል፣ በእጇ ነው። ሌላ ሰው አግኝቶ ከሚነግርዎ ብዬ ነው።»

«ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

ቆይቼ «ጋሽ ሜትሮን ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ክትባቱ ደህና ቢሆንም ሊታመሙ ይችሉ ነበር። ላይታመሙም ይችሉ ነበር። አላውቅም» አለች። ስታጽናናኝ አልነበረም። እውነቱን ነው የነገረችኝ፣ ስለዚህ አመንኳት።

ማታ ለእትዬ ነገርኳት። «እኔንም?» አለች። «አንቺንም» አልኳት። ጋቢዋን ሳይሆን የእኔን ብርድ ልብስ አንሥታ ወደ ክፍሏ ሄደች። በሩን ዘጋች። ዘግታው አታውቅም ነበር።

ሰኞ 27

ሲስተር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ለእኔም። እኔ ከፍሪጁ ተነሥቼ ጽዳት ላይ ብቻ እቆያለሁ። ከእንግዲህ ፍሪጁን ሁለት ሰው አይቶ ሁለት ሰው ይፈርማል።

ሲስተር ኮሪደሩ ላይ አቆመችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«የራስሽን ተናገሪ፣ እሺ። የእኔንም ተናገሪ፣ እሺ። እሷን ለምን ጨመርሽ? ሞታለች እኮ! ሬሳ ይከሰሳል?»

«ክላሰሩን ሊገልጡት ነበር።»

«አንድ ወረቀት ነው! አንድ ወረቀት ማውጣት አቅቶሽ ነው?»

ወረቀቱን ማውጣት። አስቤው ነበር። በ9 አስቤዋለሁ፣ በ20 አስቤዋለሁ። እዚህ ሳልጽፈው የቀረሁት ብጽፈው የማደርገው ስለመሰለኝ ነው።

«አቅቶኝ ነው» አልኳት።

ፎቶው በሩ ላይ እንዳለ ነው። ማንም አላነሣውም። ሥሩን ጠረግኩ።

ረቡዕ 29

ሆስፒታል ሄድኩ። ጋሽ ሜትሮ ሸንበቆ መስለዋል። ቱቦ አፍንጫቸው ላይ አለ። ማን እንደሆንኩ ሲያውቁ ፈገግ አሉ፣ ያን ፈገግታ ይዘው ነው የሰሙኝ። መጨረሻ ላይ ፈገግታው አልነበረም።

«ያን ቀን እጅ የነሣሁሽ...»

«አዎ፣ ጋሽዬ።»

«ዝም ብለሽ ባልዲሽን ይዘሽ ሄድሽ።»

«አዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደረታቸው ሲወጣና ሲወርድ ቆጠርኩ። «ይቅርታሽን እዚያ አስቀምጪው» አሉ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ልተንፍስ።»

ይዤላቸው የሄድኩትን ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

አዲስ ወር። ሰኞ 4

ዶክተሯ አዲስ ክትባት አስመጥታለች። ነገ እንደገና ይሰጣል፣ ለሚመጣ ሰው። ብዙዎቹ ስልክ አላነሡም። «ቤታቸውን አውቀዋለሁ፣ ልሂድ» አልኩ። «ምን ብለው ሊነግሯቸው ነው?» አለችኝ። «የሆነውን።»

አሥራ አንድ በር አንኳኳሁ። ሰባቱ አስገቡኝ። አንዷ ሰምታኝ ጨርሳ «ሻይ ትጠጪያለሽ?» አለችኝ። አንዱ በሩን ሳይከፍት «መጀመሪያ ውኃ፣ አሁን ደግሞ ምን ልትወጉን ነው?» አለኝ። ልክ ነው። አንዱ ደግሞ «ቆይ፣ የዚያች የሞተችው ነርስ እናት አይደለሽም? እሷ ብትኖር ይህ አይሆንም ነበር» አለኝ።

የልጄን ወረቀት ግን አልነገርኩትም።

ማክሰኞ 5

ሃያ አራት ሰው መጣ። እትዬ መጨረሻ ላይ መጣች፣ ብቻዋን፣ እኔን ሳታስከትል። ከእኔ ጋር ከተነጋገረች አሥራ አንድ ቀን ሆነን፤ ከ«ጨው አቀብዪኝ» በቀር።

ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሲስተርን «ፍሪጁን ዛሬ ማን አየው?» አለቻት።

«እኔና ዶክተር፣ እማማ። አምስት ነው።»

«እሷም ትየው» አለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር። «ካላየችው አልወጋም።»

ሲስተር ዶክተሯን አየቻት። ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። ፍሪጁን ከፈትኩ። አምስት ነበር። «አምስት ነው፣ እትዬ» አልኳት። በሩን ዘጋሁ፣ መግጠሙንም በእጄ ገፍቼ አረጋገጥኩ። ክንዷን ሰጠች። ዓይኗን አልጨፈነችም።

ዓርብ 8

ዛሬ ክላሰሩ ተስተካከለ። ዶክተሯ ደንቡን አሳየችኝ። የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፣ ወረቀቱ አይቀደድም፣ በነጭ ቀለም አይሸፈንም። አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበታል፣ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ። አጠገቡ ትክክለኛው ይጻፋል፤ ከዚያ ቀን፣ ስምና ፊርማ።

የራሴን ሁለት ሠራሁ። አምስት ተሰርዞ አሥራ ሦስት። አራት ተሰርዞ ከዜሮ በታች ሦስት። ሲስተር የራሷን ሠራች፤ የ11ን ማታ፣ «አልታየም» ብላ። ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም፣ ማስመሪያውን ግን አቀበለችኝ።

ከዚያ የልጄ ወረቀት ወጣ።

«ይህን እኔ አልነካም» ብላ ሲስተር ወጣች።

«እኔ ልሥራው» አለች ዶክተሯ። «እርስዎ አይገደዱም።»

«በዚያ ወር የት እንደነበረች የማውቀው እኔ ነኝ» አልኩ።

ከ11 ጀመርኩ። በ11 አልጋ ላይ ነበረች፣ ላብ በላብ። በ12 ሾርባ አልቀበልም አለችኝ። በ14 መኪና ውስጥ ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ነበር። ለእያንዳንዱ ጠዋትና ለእያንዳንዱ ማታ አንድ መስመር፣ አንድ «አልታየም»፣ አንድ ስሜ። እጄ ቀርፋፋ ነው። ዶክተሯ አልቸኮለችም፣ የራሷን ሥራ ትሠራ ነበር። 17 ላይ ትንሽ አረፍኩ። 18 ላይ አላረፍኩም፤ ባርፍ የምቀጥል አልመሰለኝም። እስከ 30 ሄድኩ። አርባ ቁጥር።

ከላይ አሥር መስመር ቀረ። ከ1 እስከ 10። እስክሪብቶውን ወደዚያ ስወስድ ዶክተሯ ቀና አለች።

«እነዚያን ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ሥራ ገብታ ነበር። አንድ ላይ ነው የተጻፉት፣ ግን ሥራ ገብታ ነበር።»

«የማያውቁትን አይሰርዙም» አለች።

እስክሪብቶውን ከደንኩት። እነዚያን ልጄ አይታቸው ይሆናል።